በሳሙና አረፋ ዓለምን የወረረው ጎሪላ

ከሌላ ዓለም የመጣ ወራሪ የሰውን ዘር ጠራርጎ ሊጨርስ ስምንት ሰው ብቻ ቀርቶታል። አካሉ የጎሪላ ነው፦ ጠጉራም፣ ቦርጫም፣ አቀበት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው። ከአንገቱ በላይ ግን የባሕር ጠላቂ ቆብ ደፍቷል፤ ቆቡ ላይ የአንቴና ሽቦ ተተክሎበታል። የመሸገው ዋሻ አፍ ላይ ነው። ከበላዩ ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያለው ማሽን ደግሞ የሳሙና አረፋ ይተፋል። አረፋው ለወረራው ምን እንደሚፈይድ የሚነግረን የለም። ይወጣል፣ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፣ ጎሪላው ስለ ሰው ልጅ ፍጻሜ መናገሩን ይቀጥላል።

ፊልሙ «ሮቦት ሞንስተር» ይባላል፤ የወጣው በ1953 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ፊል ታከር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብሮንሰን ካንየን በተባለ አሮጌ የድንጋይ ካባ አካባቢ በአራት ቀን ቀርጾ ጨረሰው። ወጪው 16,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል። ሮቦት የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረም። ጆርጅ ባሮውስ የሚባል ተዋናይ ግን የራሱ የጎሪላ ልብስ ነበረው፤ ጎሪላ ለሚፈልግ ፊልም ሁሉ ልብሱን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ታከር ሰውየውን ከነልብሱ ቀጠረ፣ ቆቡን ደፋበት፣ ሮቦት ነው አለ። በፊልሙ መክፈቻ ላይ ከተዋንያኑና ከባለሙያዎቹ ጋር የአረፋ ማሽኑ አምራችም ስሙ ተጽፎ ይመሰገናል። መሃል ላይ ሳይታሰብ ዳይኖሰሮች ሲደባደቡ ይታያሉ፤ እነሱም ከ1940ው «ዋን ሚሊዮን ቢሲ» ፊልም የተቆረጡ፣ ተለቅ ተደርገው የተቀረጹ ተሳቢ እንስሳት ናቸው።

ሙዚቃውን ማን ጻፈው? ኤልመር በርንስታይን። በዚያ ዘመን በግራ ዘመምነት ተጠርጥሮ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ስለሸሹት የተገኘውን ሥራ ይቀበል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ «ዘ ቴን ኮማንድመንትስ» ለተባለው፣ ሙሴ ባሕር ለሚከፍልበት ግዙፍ ፊልም ሙዚቃ የሠራው እሱው ነው። እናም ጎሪላው እየተንገዳገደ ቁልቁለት ሲወርድ ከኋላው የሚከተለው ሙዚቃ ቀልድ አያውቅም። የምር ሊያስፈራን ይፈልጋል። እኔን ከጎሪላውም ከአረፋውም በላይ የሚያስቀኝ ይህ ነው። ቆቡና ጠጉሩ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ጊዜ ስቄ እተወው ነበር፤ ሙዚቃው ግን «እመነኝ» ይለኛል፣ ዓይኔ ደግሞ እንዴት አድርጌ ይላል።

በእንዲህ ያለ ፊልም የሚስቅ ሰው ብዙውን ጊዜ በድህነት የሚስቅ ይመስለዋል። ድህነት ብቻውን ግን አያስቅም። በካርቶን ቤት፣ በአንድ አምፖል ተሠርቶ ሰው ያስለቀሰ ፊልም ሞልቷል። የሚያስቀው ዓለምን አጠፋለሁ ብሎ ተነሥቶ በእጁ ያለው የአረፋ ማሽን መሆኑ፣ ይህንንም አለማወቁ ነው። ሱዛን ሶንታግ በ1964 ባሳተመችው ዝነኛ ጽሑፏ ይህን ነጥብ ነክታዋለች፦ ሆን ብሎ ከሚያስቅ ይልቅ ከልቡ ሊያከብር ተነሥቶ ያልተሳካለት ሥራ የበለጠ ይጥማል። ይህች ሐሳብ ካልተያዘች ከዚህ በኋላ የምንተርከው የተረብ ጥበብ አይገባም። አንድ ፊልም ላይ ለመተረብ ፊልሙ ከምሩ መሆን አለበት።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ፊልም በዚያ ብዛት ለምን ተሠራ? ከ1948 በፊት የሆሊውድ ትልልቅ ስቱዲዮዎች የሲኒማ ቤቶች ባለቤቶችም ነበሩ፤ የራሳቸው ያልሆኑትን ሲኒማ ቤቶች ደግሞ አንዱን ጥሩ ፊልም የምትፈልግ ከሆነ እነዚህንም አብረህ ውሰድ እያሉ በጅምላ ይሸጡላቸው ነበር። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለቱንም አሠራር አፈረሰ። ገበያቸው እርግጠኛ ያልሆነላቸው ስቱዲዮዎች ጥቂት ውድ ፊልሞችን ወደ መሥራት አዘነበሉ፤ ቴሌቪዥንም ተመልካቹን ሳሎኑ ውስጥ አስቀረው። ሲኒማ ቤቶቹ ግን በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ለምደዋል። ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚያይባቸው የሜዳ ሲኒማዎችም በ1950ዎቹ መጨረሻ ከ4,000 በላይ ደርሰው ነበር። መኪናው ውስጥ ያሉት ወጣቶች ሁልጊዜ ፊልሙን ሲያዩ ነበር ብዬ አልምልም። ቢሆንም ማያው ላይ የሆነ ነገር መንቀሳቀስ ነበረበት።

ያን ክፍተት ከሞሉት ዋነኞቹ በ1954 የተመሠረተው፣ በኋላ አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ ነው። መሥራቾቹ ጄምስ ኒኮልሰንና ሳሙኤል አርኮፍ ሥራውን ከኋላ ወደ ፊት ይሠሩት ነበር። መጀመሪያ ኒኮልሰን ርዕስ ያስባል፤ ከዚያ ፖስተር ይሳላል፤ ፖስተሩ ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች ይታያል፤ ከወደዱት ያኔ ታሪኩ ይጻፋል። ፖስተሩ ላይ ከተማ የሚያህል ጭራቅ አውሮፕላን ሲጨፈልቅ ይታያል፤ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ጭራቅ ግን አንድ ሰው ከውስጡ ሆኖ ይገፋዋል። የዚያ ዘመን ፊልሞች የተስፋና የአቅም ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ ታስቦበት የተሸጠ ነው።

ስለ ልዩነቱ ከሚወራው ሁሉ የምወደው የሮጀር ኮርማን ነው። በ1956 «ኢት ኮንከርድ ዘ ወርልድ» ለተባለው ፊልም ከቬነስ የመጣ ጭራቅ ያስፈልገዋል። ኮርማን ምሕንድስና የተማረ ሰው ነውና በሳይንስ አሰበው፦ ከባድ የስበት ኃይል ባለበት ፕላኔት ላይ የሚኖር ፍጡር አጭርና መሬት ላይ የተዘረጋ መሆን አለበት። ፖል ብሌይዝዴል እንደታዘዘው ሠራለት። በቀረጻው ቀን ዋናዋ ተዋናይት ቤቨርሊ ጋርላንድ መጣች፣ ጭራቁ አጠገብ ቆመች፣ ቁልቁል አየችው። ዓለምን ያሸነፈው ይህ ነው? ብላ በእግሯ መታ አደረገችው። ኮርማን መልእክቱ ገባው፤ ጭራቁ በአስቸኳይ ቁመት ተጨመረለት። የመጨረሻው ፍልሚያ የተቀረጸውም እዚያው ብሮንሰን ካንየን፣ ጎሪላው በመሸገበት ዋሻ ነው። የዚያ ዘመን ወራሪዎች ከየትኛውም ፕላኔት ይምጡ፣ አድራሻቸው ያው አንድ ዋሻ ነበር።

ጋርላንድ ዕድለኛ ናት፤ ጭራቁን ከቀረጻው በፊት አይታዋለች። ጄፍ ሞሮው ይህ ዕድል አልገጠመውም። በ1957 «ዘ ጃያንት ክሎው» በተባለው ፊልም ላይ ከጦር መርከብ የሚበልጥ ወፍ የሚዋጋ መሐንዲስ ሆኖ ሲተውን፣ ወፉን በዓይኑ አላየም፤ ባዶ ሰማይ እያየ ነው የደነገጠው። አዘጋጁ ሳም ካትዝማን ወፉን ሜክሲኮ ውስጥ በርካሽ አሠራ። ሞሮው በሚኖርበት ከተማ ሲኒማ ቤት ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጦ ፊልሙን ሲያይ፣ ወፉ ብቅ አለ፦ አንገቱ እንደ ጥንብ አንሣ የረዘመ፣ ዓይኑ የተጎለጎለ፣ አናቱ ላይ ጥቂት ጠጉር የቆመ አሻንጉሊት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሞሮው ሰው ሳያውቀው ሹልክ ብሎ ወጥቶ ቤቱ ሄዶ መጠጥ እንደቀዳ ራሱ ተናግሯል። ፊልሙን ዛሬ ሳይ የሱ ትወና ይገርመኛል። ጥሩ ነው። ለዚያ ወፍ እንዲያ ከልብ መደንገጥ ቀላል ችሎታ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ርካሽ ፊልም ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በጭራቁ አይደለም፤ በዝምታው ነው። ለሲኒማ ቤት የሚሸጥ ፊልም ቢያንስ አንድ ሰዓት ገደማ መሙላት አለበት። ፍንዳታ ውድ ነው፣ ጭራቁም በየደቂቃው አይታይም፤ መራመድ ግን በነጻ ነው። ስለዚህ ሰዎች ይራመዳሉ። መኪና ያቆማሉ፣ ከመኪና ይወርዳሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ በሩን መልሰው ይዘጋሉ። የሠራዊት ሰልፍ ከዜና ፊልም ይቆረጣል። ድምፅ መቅዳት ሲያቅት ደግሞ ተራኪ ይገባል። በ1964ቱ «ዘ ክሪፒንግ ቴረር» ውስጥ ሁለት ሰዎች አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያወሩ እናያለን፤ የሚሰማው ግን ምን እንዳወሩ የሚነግረን የሌላ ሰው ድምፅ ነው። በነገራችን ላይ የዚህ ፊልም ጭራቅ እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ የሚጎተት፣ በጣም ዘገምተኛ ፍጡር ነው፤ ሰው መዋጥ ስለማይችል ተበዪዎቹ ራሳቸው እየተሳቡ አፉ ውስጥ ይገባሉ።

የዝምታው ጥግ ግን «ማኖስ፡ ዘ ሃንድስ ኦፍ ፌት» ነው። የሳይንስ ልቦለድ ሳይሆን የአጋንንት አምልኮ ታሪክ ቢሆንም ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1966 ቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ውስጥ የሠራው ሃሮልድ ዋረን የተባለ የማዳበሪያ ነጋዴ ነው፤ ለሥራው የተነሣው ፊልም መሥራት ከባድ አይደለም ብሎ ተወራርዶ ነው። የያዘው ካሜራ በእጅ የሚጠመዘዝ፣ በአንድ ጊዜ ከ32 ሴኮንድ በላይ የማይቀርጽ ነበር። ድምፅ አይቀዳም፤ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር በኋላ ጥቂት ሰዎች ስቱዲዮ ውስጥ ተከፋፍለው አሰሙት። መክፈቻው ላይ መኪና ይነዳል። ይነዳል። አሁንም ይነዳል። ይህን ፊልም ምሽት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ያየ ሰው ያውቀዋል፦ በሦስተኛው ደቂቃ ከመካከላቸው አንዱ የግድ አፉን ይከፍታል።

ተረቡ የተወለደው እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ጥሩ ፊልም ለተመልካቹ የምላስ ቦታ አይተውለትም፤ ርካሽ ፊልም ግን በየመሃሉ ያርፋል፣ ያንን ዕረፍት ሰው ይሞላዋል። በየቪዲዮ ቤቱ ፊልም እያየ ላደገ የእኛ አገር ሰው ይህ ዜና አይሆንበትም፤ አክተሩን የሚመክር፣ ሌባውን የሚሰድብ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ቃል ጥሎ ቤቱን በሳቅ የሚያፈርስ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። ልዩነቱ አሜሪካኖቹ ያንን ልጅ ደመወዝ ከፍለው ቴሌቪዥን ላይ ማውጣታቸው ነው።

ይህ በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። በ1954 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ማይላ ኑርሚ የተባለች ተዋናይት ቫምፓይራ በሚል ስም፣ ጥቁር ለብሳ፣ ወገቧን አጥብቃ፣ ሌሊት ሌሊት በቴሌቪዥን አሮጌ የአስፈሪ ፊልሞችን እያስተዋወቀች ትቀልድባቸው ጀመር። ዝግጅቷ ብዙ አልቆየም፤ እሷ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላው ወገን ተሻገረች። ዳይሬክተሩ ኤድ ዉድ «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» ውስጥ ከመቃብር የምትነሣ ሴት አደረጋት። ንግግሩን አንብባ ዲዳ ልሁን ብላ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። በፊልሙ ውስጥ ክብሯን የጠበቀች ብቸኛ ሰው ሳትሆን አትቀርም።

ስለ «ፕላን ናይን» ብዙ ተብሏል፤ ዋና ዋናውን ብቻ ላንሣ። የድራኩላው ዝነኛ ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ በነሐሴ 1956 ሲሞት ዉድ ለሌላ ሐሳብ የቀረጸው ጥቂት የሉጎሲ ምስል በእጁ ነበር። ያንን ወስዶ ፊልም ገነባበት፤ ቀሪውን የሉጎሲ ሚና የዉድ ሚስት የጀርባ አጥንት ሐኪም የነበረው ቶም ሜሰን በካባ ፊቱን ሸፍኖ ሠራው። ሜሰን ከሉጎሲ ይረዝማል፤ መልካቸውም አይገናኝም። በአንድ ትዕይንት ውስጥ ቀንና ሌሊት ይፈራረቃሉ። የመቃብር ድንጋዮቹ ሰው ሲነካቸው ይወዛወዛሉ። በራሪዎቹ መንኮራኩሮች በክር የተንጠለጠሉ የመጫወቻ ሱቅ ሞዴሎች ናቸው። ገንዘቡ የመጣው ከቤቨርሊ ሂልስ ባፕቲስቶች ነው፤ በፊልሙ አተርፈው የሃይማኖት ፊልም ሊሠሩ አስበው ነበር። መቃብር ዘራፊዎች የሚል የነበረውን ርዕስ አስቀየሩ፣ ከሠሪዎቹም አንዳንዶቹ እንዲጠመቁ አደረጉ። የገንዘቡ ዋና ሰው ኤድዋርድ ሬይኖልድስ መቃብር ቆፋሪ ሆኖ ፊልሙ ውስጥ ይታያል።

ሃሪና ማይክል ሜድቬድ የተባሉ ወንድማማቾች በ1980 ባሳተሙት «ዘ ጎልደን ተርኪ አዋርድስ» መጽሐፍ «ፕላን ናይን»ን የምንጊዜም መጥፎ ፊልም፣ ዉድንም የምንጊዜም መጥፎ ዳይሬክተር አሉት። ዉድ አልሰማም። በታኅሣሥ 1978፣ በመጠጥ ተጎድቶ፣ ከሚኖርበት አፓርታማ ከተባረረ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በ54 ዓመቱ ሞቶ ነበር። ቲም በርተን በ1994 ስለ ሕይወቱ የሠራው ፊልም ደግሞ ሉጎሲን ለተጫወተው ማርቲን ላንዳው ኦስካር አስገኘ። የዉድ ፊልሞች አንድ ላይ ተደምረው ያላዩትን ገንዘብ የዉድ ውድቀት ታሪክ አገኘ።

የሜድቬዶቹ መጽሐፍ አያስደስተኝም። ሽልማት ሰጪው ከላይ ሆኖ ይፈርዳል፤ ቆጥሮ ይጽፋል፤ ፊልሙን ሳታየው ልትስቅበት ትችላለህ። «ፕላን ናይን» የምንጊዜም መጥፎ ፊልም ነው የሚለው ፍርድም ስህተት ነው። መጥፎ ፊልም ማለት የሚያሰለች ፊልም ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ከብዙ የተከበሩ ፊልሞች ባነሰ ያሰለቻል።

ሌላኛው መንገድ የተገኘው ከሆሊውድ ርቆ፣ ብርድ በሚበረታበት ሚኒያፖሊስ ነው። ጆኤል ሆድሰን የተባለ ኮሜዲያን በኅዳር 1988፣ አሜሪካኖች የምስጋና ቀን በሚያከብሩበት ዕለት፣ ኬቲኤምኤ በተባለ አነስተኛ የአካባቢ ጣቢያ ላይ «ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000»ን ጀመረ። ታሪኩ አጭር ነው፦ ክፉ ሳይንቲስቶች አንድ ሰው ወደ ሕዋ አስወንጭፈው መጥፎ ፊልም በግድ ያሳዩታል፤ እሱም ብቸኝነቱን ለማስታገስ ሮቦቶች ሠርቶ አብሯቸው ያያል። እኛ ፊልሙን እናያለን፤ ከማያው ግርጌ ደግሞ የወንበሮች ረድፍና የሦስቱ ተመልካቾች ጥቁር ጥላ ይታያል።

ያ ጥላ ቀላል ይመስላል፤ ሁሉንም ነገር የፈታው ግን እሱ ነው። ፊልሙ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ማን እንደተናገረ ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ግን ተራቢዎቹ ከፊታችን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እንደኛው ፊልሙ ተፈርዶባቸዋል፣ ተነሥተው መሄድ አይችሉም። ሮቦቶቹም የተሠሩት ከወዳደቀ ዕቃ ነው፦ የቶም ሰርቮ ጭንቅላት የማስቲካ መሸጫ ማሽን፣ የክሮው አፍ ለሁለት የተሰነጠቀ የቦሊንግ ፒን፣ ዓይኑ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ። የሚተርበው ከሚተረብበት የተሻለ ልብስ አልለበሰም። ጎሪላው ላይ የሚቀልደው አሻንጉሊት የጎሪላው ዘመድ ነው። ሜድቬዶቹ ያጡት ይህንን ነው።

በኬቲኤምኤ ዘመን ቀልዱ እዚያው እንደመጣ ይወረወር ነበር። ዝግጅቱ በ1989 ወደ ኬብል ቴሌቪዥን ሲሻገር ግን ጽሑፍ ሆነ። ጸሐፊዎቹ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው አንዱን ፊልም ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ እያቆሙ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ፣ ደጋግመው ያዩታል፤ ያልተሳካውን እየጣሉ ለአንድ ፊልም በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀልዶች ይዘው ይወጣሉ። ቀልዱ በሁለት ንግግሮች መካከል ባለችው ክፍተት ልክ መሆን አለበት፤ አንድ ቃል ቢረዝም የሚቀጥለውን ንግግር ይሸፍናል፣ ንግግሩ ካልተሰማ ደግሞ የሚቀጥለው ቀልድ መሠረት ያጣል። ስለዚህ ተራቢው ከማንም በላይ ፊልሙን ያዳምጣል። ከበስተኋላ በር የዘጋውን ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ቦታ የቀየረውን ሲኒ፣ ጥላው ግድግዳ ላይ የወደቀውን ማይክሮፎን እሱ ያየዋል። አንድ አፍቃሪ ሃያሲ የማያየውን ያያል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፊልሙን እስከ መጨረሻው አስቀድሞ ማየት እንደሚያስፈልግ የተማሩት በአንድ መጥፎ ቀን ነው። በሁለተኛው የኬብል ዓመታቸው «ዘ ሳይድሃከርስ» የተባለ የሞተርሳይክል ፊልም መጀመሪያውን ብቻ አይተው መረጡ። ጽሑፉ መሃል ሲደርሱ ሴት የምትደፈርበትና የምትገደልበት ትዕይንት ገጠማቸው። እዚያ ላይ የሚቀለድ ነገር የለም። ትዕይንቱን ቆርጠው ጣሉት፤ ነገር ግን ሴትዮዋ ከፊልሙ ድንገት ስለጠፋች መሞቷን ክሮው በአንድ ዓረፍተ ነገር ለተመልካቹ መንገር ነበረበት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ያልታየ ፊልም አይመረጥም ተባለ።

ሆድሰን በ1993 ወጥቶ ዋናው ጸሐፊ ማይክ ኔልሰን ወንበሩን ተረከበ፤ ዝግጅቱ በዚያው ዓመት ፒቦዲ የተባለውን የተከበረ የብሮድካስት ሽልማት አገኘ። ከሁለቱ ማን ይሻላል የሚለው ክርክር በወዳጆቹ መካከል አላባራም። ኔልሰን ይበልጥ ስል ነው፤ እኔ ግን ወደ ሆድሰን አደላለሁ። እንቅልፍ እንደመጣበት አጎት ለስለስ ብሎ ይናገራል፣ ፊልሙንም ሊያስታምመው የፈለገ ይመስላል።

በ1996 ለሲኒማ ቤት የሚሆን የራሳቸውን ፊልም ሲሠሩ የመረጡት «ዚስ አይላንድ ኧርዝ»ን ነበር። በ1955 ዩኒቨርሳል በቴክኒከለር የሠራው፣ ለዘመኑ ያማረ ፊልም ነው፤ በነገራችን ላይ ረጅም ግንባር ያለውን የሌላ ፕላኔት ሰው የሚጫወተው ያው ወፉን ያላየው ጄፍ ሞሮው ነው። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ሳቁ ግን እንደ ወትሮው አይመጣም። ምክንያቱን አሁን እናውቀዋለን፦ ፊልሙ ቃል የገባውን በአብዛኛው ይፈጽማል፤ ዝም የሚልበት ቦታም ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ስቱዲዮው አሳጥሩ ብሎ ስለነበር ተረብ የተጨመረበት ፊልም ከመጀመሪያው ያነሰ፣ 73 ደቂቃ ብቻ ሆነ። ወንበሩ ሞልቶ ነበር፤ ተራቢዎቹ የሚቀመጡበት አጡ።

ከሳቁ ጀርባ የሕግ ጉዳይም አለ። የማንንም ፊልም ወስደህ ልትቀልድበት አትችልም፤ መብቱን መግዛት አለብህ፣ ያም ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ ዝግጅቱ በመደርደሪያ ይቀራል። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ክፍሎች ለዓመታት በተመልካቾች የቪዲዮ ካሴት ብቻ የኖሩት፤ አዘጋጆቹም ካሴት መለዋወጡን ራሳቸው ያበረታቱ ነበር። የቀድሞው የአሜሪካ ሕግ ለርካሽ ፊልም ጨካኝም ለጋስም ነበር፦ ከ1964 በፊት የወጣ ፊልም በ28ኛ ዓመቱ ካልታደሰ፣ የትኛውም ፊልም ደግሞ የባለቤትነት ምልክቱ በመጀመሪያ ካልተጻፈበት፣ መብቱ ለሕዝብ ይሆን ነበር። የ1968ቱ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ርዕሱ ሲቀየር ምልክቱ አብሮ ስለተረሳ ባለቤት አልባ ሆነ። ኔልሰንና ሁለት ባልደረቦቹ በ2006 «ሪፍትራክስ»ን ሲጀምሩ ችግሩን በዘዴ አለፉት፦ የሸጡት ቀልዱን በድምፅ ብቻ ነው፤ ፊልሙን ገዢው ራሱ ያመጣና ሁለቱን አንድ ላይ ያስኬዳል። ሆድሰን በበኩሉ በ2015 ዝግጅቱን ለማስነሣት ሕዝቡን ገንዘብ ሲጠይቅ ከ48,000 በላይ ሰዎች ከ5.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። «ሮቦት ሞንስተር»ን በወቅቱ ዋጋ ከሦስት መቶ ሃምሳ ጊዜ በላይ ደጋግሞ የሚያሠራ ገንዘብ ነው።

ዛሬ ገበያውን የሞላው ሌላ ዓይነት ፊልም ነው፤ ሆን ተብሎ መጥፎ የተደረገ። በ2013ቱ «ሻርክኔዶ» ሻርኮች በአውሎ ነፋስ ተወስደው ከተማ ላይ ይዘንባሉ፤ ሁሉም ተዋናይ ቀልዱን ያውቃል። ለእኔ አይሠራም። ፊልሙ ራሱ እየሳቀ ከሆነ እኔ የምሠራው ሥራ የለም።

ከዚህ ወገን ግን የማልጥለው አለ፤ በአማርኛ የተሠራ ስለሆነም አንባቢ ሊያየው ይገባል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 ያወጣው «ክራምብስ» ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚተውኑበት የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ነው። ዓለም አልቃለች፤ ሁለቱ በተዘጋ የቦሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ይኖራሉ፤ ሰማዩ ላይ ዝገት የበላው መንኮራኩር ቆሟል፤ ከእኛ ዘመን የተረፈው የፕላስቲክ ኮተት እንደ ታቦት ዕቃ ይከበራል፣ ለማይክል ጆርዳንም ይጸለያል። ለቀልድ ክፍት የሚሆነውን ቦታ ዳይሬክተሩ አስቀድሞ አውቆታል፤ ተዋንያኑ ግን የሚያውቁ አይመስሉም። በ2019 ያንሶ ከዳንኤል ጋር የሠራው ሁለተኛው፣ የስለላ ድርጅት ሰዎች በኮምፒውተር ዓለም ውስጥ «ሶቪየት ኅብረት» የተባለ ቫይረስ የሚያሳድዱበት ፊልም፣ የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ርካሽ ፊልም ሆን ብሎ ይኮርጃል፦ ድምፁ በኋላ የተለጠፈ ነው፣ ከአፍ ጋር አይገጥምም፣ ቫይረሱም የስታሊን ጭንብል አጥልቋል። በመንፈስ ወደ «ሻርክኔዶ» የሚጠጋው ይኼኛው ነው። የሚያድነው ዳንኤል ታደሰ ነው፤ በስታሊን ጭንብል ፊት ቆሞም ቢሆን፣ ሞሮው ለዚያ ወፍ እንደደነገጠው ከልቡ ይደነግጣል።